ግፊቱ ዜሮ ገባ

ሰመረት የምትንከባከባቸውን አሮጊት ሾርባ እያጎረሰች ሳለ ስልኳ ጠራ። አጎቷ ጋሽ ገረዝጊሄር ናቸው። እሳቸው በሥራ ሰዓት ደውለው ስለማያውቁ ገና ድምፃቸውን ሳትሰማ ደነገጠች።

«ሰመረት፣ ግፊቱ ዜሮ ገባ» አሏት።

«የማን ግፊት?»

«የእኛው ነዋ! የማን ይሆናል?»

«ጋሼ፣ እንዴት ዜሮ ይገባል? ዜሮ ከገባማ እንዴት ያወሩኛል?»

«በስልክ ነዋ የማወራሽ! ጠዋት ሦስት ደርሶ ነበር። አሁን ወርዶ ወርዶ አለቀ። ስዳብሰው እንደ በረዶ ነው።»

«በቃ ቁጭ ይበሉ፤ እንዳይንቀሳቀሱ። ትንሽ ጨው በውኃ በጥብጠው…»

«ጨው?» ጋሽ ገረዝጊሄር ትንሽ አሰቡ። «በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በአፍ ነዋ!»

«አፍ የለውም» አሉ።

ሰመረት ዕድሜዋን ሽማግሌና አሮጊት ስትንከባከብ የኖረች ሴት ናት። ሰው ስለ ራሱ «ቀዝቅዟል፣ አፍ የለውም» ማለት ሲጀምር ወዴት እየሄደ እንደሆነ ታውቃለች። ስልኩን ዘግታ አምቡላንስ ጠራች። በዕድሜ የገፉ ሰው መሆናቸውን፣ ግፊታቸው ከሦስት ወደ ዜሮ መውረዱን፣ ሰውነታቸው መቀዝቀዙን በጣሊያንኛ አስረዳች። በጣሊያንኛም ለሰው ደም ግፊትና ለማሽን ግፊት የሚያገለግለው ቃል አንድ ነው። «ይተነፍሳሉ?» ብለው ሲጠይቋት፣ «ይከራከራሉ» ብላ መለሰች።

አምቡላንሱ ወዲያው ደረሰ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ቃሬዛ ይዘው ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ወዳለው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እየሮጡ ወጡ። በሩን የከፈቱላቸው ጋሽ ገረዝጊሄር ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ካቻቢቴ፣ በሌላው የእጅ ባትሪ ይዘዋል። ሰመረት ይህን ያህል ፈጥና ባለሙያ መላኳ አስደሰታቸው። «በዚህ ግቡ፤ ወጥ ቤት ነው ያለው» እያሉ መሩና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካልዳያ፣ ማለትም ውኃ አሙቆ በቧንቧ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀውን ነጭ ሣጥን አሳዩአቸው። «ጠዋት ደህና ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሴትዮዋ ሣጥኑን አየች፤ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ ቀስ ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና የደም ግፊት መለኪያዋን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ጋሽ ገረዝጊሄር አልተቃወሙም። ጣሊያን አገር ሁሉም ነገር ሥርዓት አለው፤ ካልዳያው ከመታየቱ በፊት ባለቤቱ ይታያል ማለት ነው ብለው አሰቡ። ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። «አሁን ደግሞ እሱን» ብለው ወደ ሣጥኑ ጠቆሙ። ከወንዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሣጥኑ ሥር ያለውን ሰዓት የሚመስል መለኪያ አየና የአማቱም ካልዳያ እንዲሁ እንደሚያደርግ፣ መድኃኒቱ ግን እስካሁን እንዳልተገኘ አጫወታቸው።

ሰመረት አሮጊቷን ለልጃቸው አስረክባ፣ በታክሲ መጥታ፣ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ስትገባ አራቱም ካልዳያው ሥር ቆመው ያወራሉ። ነገሩ ሲገባት ግድግዳውን ተደገፈች። ሴትዮዋ ፊቷን አይታ የእሷንም ግፊት ለካች። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የባሰው የሰመረት ነበር።

ጋሽ ገረዝጊሄር ሰመረት ቤት የገቡት በዚያው መከር ነው። ከዚያ በፊት ከከተማው ዳር፣ አናኚና አጠገብ ሰላም ፓላስ በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ከአገር ሰዎች ጋር ለዓመታት ኖረዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ሲላቸው ሰመረት፣ አሳንሰር ያለው ቤት አለኝ፣ ብላ አመጣቻቸው። አሳንሰሩ ከገቡ በሁለተኛው ቀን ተበላሸ፤ ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በሥራ ዘመናቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ ሲያወራ እሳቸው የሚያወሩት ስለ መርፌ ነው። የሙቀት መርፌ፣ የዘይት መርፌ፣ የነዳጅ መርፌ። «መርፌ መሃል ላይ ከቆመ ተሳፋሪ በሰላም ይገባል» ይላሉ። ሰመረት ቤት ሲገቡ ከዕቃው ሁሉ ልባቸው ያረፈው ካልዳያው ላይ ነው፤ መርፌ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ያዩታል። ሰመረትም አጎቷ የሚያስቡለት ነገር በማግኘታቸው ደስ ብሏት ነበር፤ መርፌው ላይና ታች ማለት እስኪጀምር ድረስ።

አንዳንድ ቀን መርፌው ሦስት ይደርሳል። ያኔ ከሣጥኑ ሥር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዜሮ ይገባል፤ ካልዳያው ራሱን ያጠፋል፤ ጋሽ ገረዝጊሄር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው አልጋቸው ላይ ቁጭ ይላሉ።

ከአምቡላንሱ በኋላ ሰመረት ምሕረትኣብን ጠራች። ምሕረትኣብ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ልጅ ነው፤ ሮም ተወልዶ ያደገ፣ የካልዳያ ጥገና የተማረ። አማርኛውን ከእናቱ ነው የለመደው። እናቱ «ታላላቆችን አንቱ በል» እያለች ስላሳደገችው፣ እንዳይሳሳት ብሎ ሁሉንም ነገር አንቱ ይላል።

«አሎራ፣ እንግዲህ እሳቸው መቼ ነው የታመሙት?» ብሎ ጠየቀ ገና ሲገባ።

«እኔ ደህና ነኝ» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር።

«አይ፣ እርስዎ አይደሉም። እሳቸው» አለና ወደ ካልዳያው አመለከተ።

ክዳኑን ከፍቶ፣ በባትሪ እያበራ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ለሁለቱም አስረዳቸው። «ሆዳቸው ውስጥ እንደ ኳስ ያለ ነገር አለ፤ በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው አየር። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ አየሩ ሸሸት ይልለታል። አየሩ ካለቀ ግን ውኃው መሄጃ የለውም። ስለዚህ ሲሞቁ መርፌያቸው ሽቅብ ይወጣል፣ በመተንፈሻው ውኃ ይጥላሉ፤ ሲበርዳቸው ደግሞ ዜሮ ይገባሉ።»

«ጎማው ተንፍሷል በለኛ!» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር።

«እንደዚያ ነው።»

ምሕረትኣብ በብስክሌት መንፊያ ኳሱን ነፋ። መርፌውን አንድ ተኩል ላይ አቆመው። «እዚህ ይቀመጣሉ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ መርፌው ሦስት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዜሮ። ተመልሶ መጣና መተንፈሻውን ለወጠ። መርፌው ሦስት፣ ከዚያ ዜሮ። ተመልሶ መጣና ኳሱን ራሱን በአዲስ ለወጠ። መርፌው እንደ ለመደው ዘፈነ። ልጁ የለወጠው ዕቃ በበዛ ቁጥር አማርኛው እየከዳው ሄደ፤ በመጨረሻ ካልዳያው ፊት ተንበርክኮ በጣሊያንኛ ብቻ ያጉረመርም ጀመር። ሰመረት ቤቱን ጠበል ረጨች። ምሕረትኣብ ብረቱ እንዳይዝግ ብሎ በጨርቅ አደረቀው።

አንድ ቀን ተነሥቶ ወገቡን ያዘና፣ «አሎራ፣ እሳቸው ጤነኛ ናቸው። ሰው ነው የሚነካቸው» አለ።

«ካልዳያውን ማንም አልነካም» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር።

ሰመረት አጎቷን ታውቃቸዋለች፤ ቃሉን ሲመዝኑት ሰማች። «ከካልዳያው ሥር ያለችውን ትንሿን ውኃ መሙያስ?» አለች።

«እሷማ የግድግዳው ቧንቧ ናት። ካልዳያው አይደለችም።»

«ነክተዋታል?»

«መርፌው ሲወርድ መሃል አደርሰዋለሁ። ታዲያ ይሙት?»

ምሕረትኣብ ግንባሩን ያዘ። የመለኪያው መሃል ሁለት ነው፤ ካልዳያው ቀዝቃዛ እያለ ሁለት ላይ ከተሞላ ሲሞቅ ሦስት ይደርሳል፤ ሦስት ሲደርስ በመተንፈሻው ይጥላል። ይህን ሁሉ አስረዳ። «እዚህ መሃል የለም። አንድ ተኩል በቃቸው» አለ።

«መሃል የሌለው መርፌ!» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር በንቀት።

ሰመረት ሥራዋን ጥላ በታክሲ የሮጠችበት ቀን ትዝ አላትና ተናደደች። «እንግዲህ ይኸው፣ ያመሰን የገዛ እጅዎ ነው!» አለች።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «እኔ የሞላሁት ስለጎደለ ነው። ስሞላ አየሽኝ፤ ያጎደለው ማነው?»

ጋሽ ገረዝጊሄር መልስ አልጠበቁም። ልብሳቸውን በከረጢት አጭቀው፣ «ውኃ ሌባ ተብዬ እዚህ አላድርም» ብለው ወደ ሰላም ፓላስ፣ ወደ ድሮ ጓደኞቻቸው ሄዱ። ሰመረት ልትለምናቸው አሰበች፤ ግን ንዴቷ ገና ስላልበረደ በሩ ሲዘጋ አልተከተለቻቸውም። ምሕረትኣብ መርፌውን አንድ ተኩል ላይ አቆመና የውኃ መሙያውን በፕላስተር ጠቅልሎ አሸገው።

በማግስቱ ሰመረት መርፌው አንድ ተኩል ላይ መሆኑን አይታ፣ በሩን ቆልፋ ሥራ ሄደች። ማታ ስትመለስ ቤቱ በረዶ ነው። መርፌው ዜሮ ገብቷል። ፕላስተሩ ምንም አልሆነም። ወለሉ ደረቅ ነው። ባዶ ቤት፣ የተቆለፈ በር፣ ያለቀ ውኃ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ለአጎቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝና ይመለሱ። ዜሮ ገባ።»

«የማን?» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

በነጋታው ከረጢታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከእስር በነፃ እንደተለቀቀ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ገቡ። ምሕረትኣብም ሌላ ሥራውን ሰርዞ መጣ፤ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶታል። በመጀመሪያ ካልዳያውን ከቤቱ ቧንቧዎች ለየና ብቻውን ዘጋው። መርፌው ንቅንቅ አላለም። «እሳቸው ነፃ ናቸው። ውኃው የሚጠፋው ከቧንቧው ነው» አለ። ከዚያ ወለሉን በእጁ እየዳሰሰ ቤቱን ዞረ፤ ከታች ያለውን ቤት አንኳኩቶ ጣሪያቸውን አየ። ሁሉም ደረቅ ነው። ተመልሶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ያለውን የጫማ መደርደሪያ ጎተተው። ከኋላው አንዲት ትንሽ የብረት በር አለች፤ ስትከፈት ከካልዳያው የመጣው ውኃ ለየክፍሉ የሚከፋፈልበት ቦታ ታየ።

ምሕረትኣብ ቧንቧዎቹን አየ። ተነሥቶ በየክፍሉ እየገባ ማሞቂያዎቹን፣ ሮም ውስጥ ቴርሞሲፎን የሚባሉትን ብረቶች ቆጠረ። ተመልሶ መጣና እንደገና ቧንቧዎቹን ቆጠረ።

«ስንት ቴርሞሲፎን አላችሁ?»

«አምስት» አለች ሰመረት።

«እዚህ ስድስት ቧንቧ ነው ያለው።»

ሦስቱም ተጎንብሰው ስድስተኛውን አዩት። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ከሌሎቹ ያረጀ ቧንቧ ነው፤ ወደ ክፍሎቹ አይሄድም። ቀጥ ብሎ የጎረቤቱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ገረዝጊሄር እጃቸውን ጫኑበት። «ይሞቃል» አሉ፤ ድምፃቸው ተለወጠ።

«እንዝጋውና እንይ» አለ ምሕረትኣብ።

ዘጉት። ሻይ አፍልተው ጠበቁ። ሻዩን ሳይጨርሱ ግድግዳው ማዶ የመጥረጊያ እንጨት ዷ ዷ ማለት ጀመረ። ድምፁ ለቤቱ አዲስ አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ሲኞር ፋውስቶ ቴሌቪዥኑ ከፍ ሲል፣ ወንበር ሲጎተት፣ አንዳንዴም ጋሽ ገረዝጊሄር ሲያስሉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው በትራም ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረዋል፤ አሳንሰሩ ይሠራ በነበረ ጊዜ ይህን ያልነገሩት ሰው የለም። ጋሽ ገረዝጊሄርም ይህን ሲሰሙ፣ «እኔና ተቆጣጣሪ መቼ ተስማምተን እናውቃለን» ብለው በልባቸው ዘግተውባቸው ነበር። በደረጃ ሲገናኙ ጋሽ ገረዝጊሄር ሰላም ይላሉ፤ ሲኞር ፋውስቶ ደግሞ ጫማቸውን ያያሉ።

መጥረጊያው ጸጥ አለ። ቀጥሎ የበሩ ደወል ተደወለ። ሲኞር ፋውስቶ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ቆመዋል።

«ማሞቂያዬን ማን ዘጋው?»

«የእርስዎ ማሞቂያ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር፤ ጣሊያንኛቸው የአስመራ ጋራዥ ጣሊያንኛ ነው፤ ወፍራምና ጥንታዊ።

«እናንተ ቤት መዶሻና ብረት ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ወዲያው የእኔ ክፍል ይቀዘቅዛል። እኔ ደግሞ ታግሼ ነው እንጂ ድሮ ነበር የምከሳችሁ! ዘንድሮ ቴርሞሲፎኔ ዕረፍት የለውም። ይጮኻል። እንደ ተራበ ሆድ ይንቦጨቦጫል። እንቅልፍ አጣሁ።»

ምሕረትኣብ ጠጋ አለ። «ሲጮኽ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ጎኑ ላይ ያለችውን ብሎን እፈታለሁ። ዝም እስኪል ድረስ ውኃውን ባልዲ ውስጥ አስወጣለሁ።»

«ሙሉ ባልዲ?»

«ዝም እስኪል ነው ያልኩህ።»

«ውኃውንስ?» አለች ሰመረት።

«እግሬን እነክርበታለሁ። ሙቅ ነው፤ ሙቅ ውኃ መድፋት ኃጢአት ነው።»

ምሕረትኣብ ኮሪደሩ ላይ፣ ጫማዎቹ መሃል ቁጭ አለ። መሳቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ዕድሜያቸውን አከበረ። ቀስ አድርጎ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በጣሊያንኛ እየለዋወጠ ነገሩን ዘረዘረው። ጋሽ ገረዝጊሄር መርፌው መሃል ይድረስ ብለው አዲስ ውኃ ይሞላሉ። አዲስ ውኃ አየር ይዞ ይገባል። አየሩ ሄዶ ሄዶ ሲኞር ፋውስቶ ክፍል ውስጥ ይጮኻል። ሲኞር ፋውስቶ ጩኸቱን ለማስቆም ውኃውን ያወጣሉ። ውኃው ሲወጣ መርፌው ዜሮ ይገባል። መርፌው ዜሮ ሲገባ ጋሽ ገረዝጊሄር ይሞላሉ። መሙያው በታሸገበት ቀን እንኳ የድሮው አየር ገና ስላልወጣ ክፍሉ ጮኸ፤ ባልዲው ተሞላ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ቧንቧ ሁለት ጫፍ ገመድ ሲጓተቱ መክረማቸው ገና አሁን ገባቸው።

«እንግዲያው ውኃዬን የሰረቁት እርስዎ ነዎት» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር።

«እንቅልፌን የሰረቁት ደግሞ እርስዎ!» አሉ ሲኞር ፋውስቶ።

ቴርሞሲፎኑን ለማየት ሁሉም ተያይዘው ወደ ጎረቤት ገቡ። የሲኞር ፋውስቶ መኝታ ክፍል ድሮ የሰመረት ቤት አካል ነበር፤ ሁለት ወንድማማቾች ትልቁን ቤት ሲካፈሉ በመካከሉ ግድግዳ አቆሙና ቧንቧውን ረስተውት ቀሩ። ሲኞር ፋውስቶም ክፍሉን የሚያሞቀው ሕንፃው ነው ብለው እስከዚያች ቀን አምነው ኖረዋል። ቴርሞሲፎኑ ከአልጋቸው ራስጌ ነው። ላዩ ላይ ካልሲና የሱፍ ካናቴራ ተሰጥቶበታል፤ ሥሩ ባልዲው አለ። ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው፣ ከአንድ ወንበርና ከሚስታቸው ፎቶግራፍ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረም።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አለ ምሕረትኣብ ወደ ኮሪደሩ ሲመለሱ። «ስድስተኛውን ቆርጬ እደፍነዋለሁ።»

ሲኞር ፋውስቶ ካፖርታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። ሰመረት በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ድካሙ አንገሽግሿት ነበር።

«አይቆረጥም» አሉ ጋሽ ገረዝጊሄር።

ሁሉም ዞረው አዩአቸው።

«ጋሼ! ይህን ሁሉ ያሳየንን ነገር?»

«ሰውየው ብርድ ላይ ይተኛ? ደግሞስ ብረቱ የእኛ ነው። የገዛ ብረቴን በሰው ቤት በብርድ አልገድለውም» አሉና ወደ ሲኞር ፋውስቶ ዞሩ። «ግን የእኔ ስለሆነ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ሲኞር ፋውስቶ ፊታቸው ቀላ። «እኔ ቤት ቁጥጥር አይገባም! ዕድሜ ልኬን ስቆጣጠር የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም ዕድሜ ልኬን ስነዳ የኖርኩ ነኝ። ሞተሩን ሳላይ አላድርም።»

ክርክሩ በቀላሉ አላለቀም። ምሕረትኣብ ዕቃውን ሰብስቦ ጨረሰ፤ ሰመረት ራት ሠራች፤ እነሱ ገና በር ላይ ናቸው። በመጨረሻ ሲኞር ፋውስቶ አንድ ነገር ፈቀዱ፤ ጋሽ ገረዝጊሄር መግባት ይችላሉ፣ ነገር ግን በትኬት። ቤታቸው ገብተው ከኮሞዲኖ መሳቢያ አንድ እፍኝ ያረጀ የትራም ትኬት አመጡ። «ሲገቡ ያሳዩኛል፤ እኔ እበሳለሁ» አሉ። ጋሽ ገረዝጊሄር ትኬቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ደርሶ መልስ ነው?» ብለው ጠየቁ። ደርሶ መልስ ነበር።

ምሕረትኣብም የራሱን ሕግ አወጣ። መርፌው አንድ ተኩል ላይ ይቆማል፤ ማንም ብቻውን ምንም አይነካም። ቴርሞሲፎኑ ሲጮኽ ሲኞር ፋውስቶ በመጥረጊያው ግድግዳውን ይመታሉ፤ ጋሽ ገረዝጊሄር ካቻቢቴና ኩባያ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሆነው ብሎኗን ላላ ያደርጋሉ፤ አየሩ ፍስስ ብሎ አልቆ ውኃ ጠብ ማለት ሲጀምር ያጠብቃሉ። ባልዲው ከክፍሉ ይወጣል። «ቫ ቤኔ? ተስማማን?» አለ። «ቫ ቤኔ» አሉ ሁለቱም፣ ሳይተያዩ።

ጥቂት ቀን እንዲህ ሆኖ አየሩ ሁሉ ወጣ። መርፌው አንድ ተኩል ላይ ቆመ፤ ቤቱ ሞቀ፤ የሲኞር ፋውስቶም ክፍል ዝም አለ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሰመረት ከሥራ ስትመለስ ግድግዳው ይመታል። ጋሽ ገረዝጊሄር ጫማቸውን አድርገው፣ ትኬታቸውን ፈልገው ይሄዳሉ። ቆይተው ይመለሳሉ።

«ጮኸ እንዴ?» ትላቸዋለች።

«አልጮኸም።»

«ታዲያ ለምን ጠሩዎት?»

«ለምን ዝም አለ ብሎ ነው። ዝምታው አሳስቦታል።»

አንዳንድ ቀን ዝምታውን ሲመረምሩ ራት ያልፋቸዋል። ጋሽ ገረዝጊሄር ስለ ለምለም ደጋና ስለ ቁልቁለት ፍሬን ያወራሉ፤ ሲኞር ፋውስቶ ያለ ትኬት ስለ ያዟቸው መነኩሲት ያወራሉ። ሰመረት ከግድግዳው ወዲህ ብቻዋን እየበላች ሳቃቸውን ትሰማለች፤ ደስ ይላታል፤ ትንሽም ይከፋታል። እሷ ጋ እንደዚያ ስቀው አያውቁምና። አንድ ቀን ወጥ በሳህን ይዛ አንኳኳች። ሲኞር ፋውስቶ በሩን ገርበብ አድርገው አዩአትና፣ «ትኬት?» አሉ። ከኋላቸው ጋሽ ገረዝጊሄር፣ «እሷ ከእኔ ጋር ናት» ብለው አስገቧት። ከዚያ ወዲያ ሦስቱም እዚያው ይበሉ ጀመር፤ ሰመረት አልጋው ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋ ለስድስተኛው ቴርሞሲፎን ተሰጥቶ።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሮም ውስጥ ማሞቂያ ይዘጋል፤ ደንቡ ነው። ምሕረትኣብ መጥቶ ካልዳያውን ወደ በጋ አዞረውና፣ «አሁን ያርፋሉ» አለ። ጋሽ ገረዝጊሄር የሚመለከቱት መርፌ፣ የሚሄዱበት ምክንያት አጡ። ሲኞር ፋውስቶም ያለ ምክንያት ሰው ቤት መምጣት አይችሉም፤ እንደዚያ አላደጉም። ሰመረት አጎቷን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ወስዳ ከአገር ሰዎች ጋር ሻይ አስጠጣቻቸው። ሻዩ አይሞቅም አሉ። ቤት ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው ግድግዳውን ያያሉ። ሰመረት አንድ ጊዜ፣ «ሄደው ዝም ብለው አያንኳኩም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ምን ብዬ?» አሉ።

ሰኔ ገብቶ ከተማው እንደ ምድጃ በጋለ ቀን የበሩ ደወል ተደወለ። ሲኞር ፋውስቶ ነበሩ፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ አንድ ያረጀ ቬንቲላተር፣ ማለትም የአየር ማራገቢያ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ።

ጋሽ ገረዝጊሄር በሕይወታቸው ቬንቲላተር ከፍተው አያውቁም። ማሽኑን ዙሪያውን አዩት፤ ጣታቸውን በክንፉ ላይ አስኬዱ፤ ፊታቸው በራ። «ያስገቡት» አሉ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት፤ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሲኞር ፋውስቶ የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈቱ አንድ ሞላ ተስፈንጥሮ ከፍሪጁ ኋላ ገባ፤ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ወደ ሁለተኛው ብሎን አለፉ።

ሰመረት ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና ለምሕረትኣብ ደወለች።

«መምጣት ትችላለህ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አይ፣ አሁን አይደለም። ትንሽ ያበላሹትና።»